የንግድ ፈቃድ ለውጥ ክፍያ ራሱ ለውጥ ያስፈልገዋል

በዚህች ቡለቲናችን ላይ ስለ ንግድ ሥራ አጀማመር ያልጻፈ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። መነሻ ገንዘብ ከየት ይገኛል፣ ገበያ እንዴት ይጠናል፣ ፈቃድ ለማውጣት ምን ምን ያስፈልጋል እያልን ብዙ ቀለም ጨርሰናል። እኔ ዛሬ ላነሳ የምፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ፈቃዱ ወጥቶ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ንግዱ ባለበት አይቆምም። ነጋዴው ቤት ይቀይራል፣ ዘርፍ ይጨምራል፣ ሥራ አስኪያጅ ይተካል፣ የንግድ ስሙን ይለውጣል። ያኔ ወረቀቱም አብሮ መለወጥ አለበት። ለዚህ ለውጥ የሚጠየቀው ክፍያ በምን ሚዛን ይተመናል? ይሻሻል ሲባልስ ወደየት ነው የሚሻሻለው?

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የለውጥ ክፍያ መተመን ያለበት ለውጡ በመሥሪያ ቤቱ ላይ በሚያመጣው ሥራ ልክ ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈው ገንዘብ፣ ስሙ የአገልግሎት ክፍያ ይባል እንጂ፣ ነጋዴው እውነቱን መጥቶ ስለተናገረ የሚከፍለው ቅጣት ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ የት እንዳለ እንይ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 67/1989 ለብዙ ዓመታት ከሠራ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 686/2002 ተተካ፤ እሱም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ተተካ፤ ይሄኛው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 ተሻሻለ። የአገልግሎት ክፍያው መጠን ግን የሚወሰነው በአዋጅ ሳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ነው። ይሄ አሠራር ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩነቱ፣ ደንብ ከአዋጅ ይልቅ ቶሎ ስለሚሻሻል ፓርላማ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም። መጥፎነቱ፣ ነጋዴውም ሆነ እኛ ስለ ጉዳዩ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው መስኮቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ መዝገቡ ለማን ነው የሚጠቅመው? በንግድ ሕግ ኮርስ ላይ እንደተማርነው ለነጋዴው ብቻ አይደለም። ለነጋዴው ዱቤ የሚሰጠው አከፋፋይ፣ ብድር የሚሰጠው ባንክ፣ ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት፣ ዕቃ የገዛው ሸማች፣ ሁሉም መዝገቡን የሚያዩት እውነት ይዟል ብለው ነው። ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዘርፎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። አንድ መድኃኒት ችግር ተገኝቶበት ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል፣ ተቆጣጣሪው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ መድኃኒት ቤቱ ወጥቶ የሴቶች ልብስ መሸጫ ገብቶበት ቢያገኝስ? መድኃኒቱ በሌላ ሰፈር እየተሸጠ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መንግሥት ነጋዴው ለውጡን ቶሎ እንዲያስመዘግብ ሊለምነው ይገባ ነበር። እኛ ጋ ግን ለማኙ ነጋዴው ነው።

ለውጥ ስንል ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ስልክ ቁጥር መቀየር የአንድ ደቂቃ ጽሑፍ ነው። ሥራ አስኪያጅ መተካት ቃለ ጉባኤና መታወቂያ ማየት ይጠይቃል። ክሊኒክን ወደ ሌላ ሕንፃ ማዛወር ግን ባለሙያ ሄዶ ክፍሉን ማየት፣ ውሃውን፣ መብራቱን፣ የቆሻሻ አወጋገዱን ማረጋገጥ አለበት። እነዚህን ሦስቱን «ማሻሻያ» በሚል አንድ ስም ጠርቶ አንድ ዋጋ መለጠፍ ለገንዘብ ያዡ ይመቸው ይሆናል፤ ፍትሐዊ ነው ግን አልልም።

የአክስቴ ልጅ ፋርማሲስት ነው። አከራዩ ቤቱን ለራሱ ሲፈልገው መድኃኒት ቤቱን ከአስፋልቱ ማዶ አዛወረ። በእግር ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ ወረዳው ግን ሌላ ነው። አዲሱን የኪራይ ውል አስጸደቀ። ከግብር ክሊራንስ አወጣ። የብቃት ማረጋገጫው ለቀድሞው ቤት የተሰጠ ስለሆነ ለአዲሱ ቤት እንደገና አመለከተ፤ የክፍሉ ስፋት፣ መደርደሪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ የእጅ መታጠቢያው ታየ። ከዚያ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አድራሻ ቀየረ። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው የድሮው አድራሻ ስለሆነ የካሽ ሬጅስተሩ ፕሮግራም መቀየር ነበረበት። ማኅተምና ታፔላ አሠራ። በየደረጃው የተወሰነ ብር ይከፈላል። እኔ የጽሑፌን ርዕስ ነግሬው ክፍያው ስንት እንደመጣ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «ስማ አንተ፣ እኔን የጎዳኝ እዚያ የቆረጥኩት ደረሰኝ መሰለህ? ከወር በላይ ለሁለት ቤት ኪራይ ስከፍል፣ መድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ቁጭ ብሎ ጊዜው ሲያልፍ ነው እንጂ» አለኝ።

ይህ አነጋገሩ ጽሑፌን ውድቅ የሚያደርግ ይመስላል። ክፍያው ትንሽ ከሆነ ምን አስጨነቀን? እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው የሚያጠናክረው ሆኖ አገኘሁት። አንድ ለውጥ አራት አምስት መስኮት የሚያስኬድ ከሆነና እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት ጠቅላላውን ድምር አያየውም። ሁሉም «የእኔ እኮ ትንሽ ናት» ይላል። ድምሩን የሚያየው ነጋዴው ብቻ ነው። ክፍያው ይሻሻል ሲባልም እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ቁራጭ ብቻ ይዞ ነው የሚያሻሽለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ላይ።

ደግሞ ነጋዴው ሳይንቀሳቀስ አድራሻው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለሚ ኩራ የሚባለው ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም፣ ማታ የቦሌ ነጋዴ ሆኖ የተኛው ሰው ጠዋት የለሚ ኩራ ሆኖ ነቃ። ሱቁ እዚያው ነው፣ ደንበኛው እዚያው ነው፣ የፈቃዱ አድራሻ ግን አርጅቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች ሰፈሮች ተነስተው ወደ ሌላ ቦታ የሄዱ ብዙ ነጋዴዎች አሉ። ልማቱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው፦ ለውጡን ያመጣው መንግሥት ከሆነ የለውጡን ክፍያ ነጋዴው የሚከፍለው በምን ሂሳብ ነው? በክፍያ ደንብ ውስጥ «በመንግሥት ውሳኔ ምክንያት ለሚደረግ የአድራሻ ለውጥ ክፍያ አይጠየቅም» የሚል አንድ መስመር መጻፍ ግምጃ ቤቱን የሚያራቁት አይመስለኝም።

እስቲ አሁን ይህን ጉዳይ በአኃዝ ወዳስቀመጠ አገር ልውሰዳችሁ። እንግሊዝ የሄድኩት ነገራቸው ሁሉ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። የእነሱ ሰንጠረዥ ለውጦችን በዓይነት ስለሚለይ፣ ደግሞም ሰንጠረዡን ለረጅም ጊዜ ሳይነኩት በመቅረታቸው ምን እንደመጣ ስለሚያሳይ ነው። መጠጥ ቤቶችን፣ መዝናኛ ቦታዎችንና ሌሊት ትኩስ ምግብ የሚሸጡ ቤቶችን የሚቆጣጠረው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 2005 (እ.ኤ.አ.) ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ሲሆን ክፍያው በማዕከላዊ መንግሥት ደንብ ይወሰናል። ቤቶቹ እንደ ግምታቸው ከ ሀ እስከ ሠ እንደማለት በአምስት እርከን ተከፈሉ። የአዲስ ፈቃድ ማመልከቻ ከታች ወደ ላይ 100፣ 190፣ 315፣ 450 እና 635 ፓውንድ ሆነ። በላይኞቹ ሁለት እርከኖች ያሉ፣ በዋናነት መጠጥ የሚሸጡ ቤቶች ደግሞ ክፍያቸው ይባዛል፤ 900 እና 1,905 ፓውንድ ይደርሳል።

ለለውጥስ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው። ፈቃዱን በሙሉ ማሻሻል የሚፈልግ ሰው እንደ አዲስ አመልካች ያንኑ ያህል ይከፍላል። ስም ወይም አድራሻ መቀየሩን ለማሳወቅ ግን 10 ፓውንድ ከ50 ብቻ ነው። ፈቃዱን ለሌላ ሰው ለማዛወር ወይም የመጠጥ ሽያጩን ኃላፊ ለመተካት 23 ፓውንድ ነው። ክፍተቱ በመሃል ነበር። አንድ በር ከግራ ወደ ቀኝ ላዞር ያለ ባለ መጠጥ ቤት ሙሉውን ክፍያ ከፍሎ፣ በጋዜጣ አሳውጆ፣ 28 ቀን በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2009 «አነስተኛ ማሻሻያ» የሚባል ነገር አመጡ። ለሁሉም እርከን 89 ፓውንድ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ የለም። የመጠጥ ሽያጭ ለመጨመር ወይም በሌሊት የሚሸጥበትን ሰዓት ለማራዘም ግን በዚህ መንገድ አይሄዱም። ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፦ ምክር ቤቱ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ማመልከቻው ውድቅ እንደሆነ ተቆጥሮ ገንዘቡ ይመለሳል። ዝም ብሎ ውድቅ ማድረጉ ደስ አይልም፤ ግን መሥሪያ ቤት በመዘግየቱ ገንዘብ ሲመልስ እኔ በበኩሌ በሌላ ቦታ አላነበብኩም።

ጉድለቱ ደግሞ ይኸውላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሰንጠረዥ ቢያንስ እስከ 2024 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ያው ነበር። ዋጋ ሁሉ ሲጨምር የፈቃድ ክፍያው ባለበት ቆመ። ምክር ቤቶቹ ገንዘቡ ወጪያችንን አይሸፍንም፣ ልዩነቱን የሚሸፍነው መጠጥ ቤት ገብቶ የማያውቀው ግብር ከፋይ ነው እያሉ ሲከራከሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ምክር ቤቶች የራሳቸውን ክፍያ እንዲተምኑ የሚያስችል አንቀጽ በሕግ ገባ፤ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ አስተያየት ተሰበሰበበት፤ ከዚያ በኋላ ሳይተገበር ቀረ። አዎ፣ እዚያም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ሌላ አንድ የፍርድ ጉዳይ ልጨምር፤ ለአዋቂዎች ብቻ የሚሆኑ ዕቃዎች ከሚሸጡባቸው የለንደን ሱቆች የመጣ ስለሆነ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ። የዌስትሚኒስተር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011/12 ለአንድ እንዲህ ያለ ሱቅ ፈቃድ 29,102 ፓውንድ ይጠይቅ ነበር። ከዚህ ውስጥ ማመልከቻውን ለማየት የሚወጣው 2,667 ብቻ ነው። ቀሪው 26,435 ያለ ፈቃድ የሚሠሩትን ለማሳደድና ቁጥጥሩን ለማስኬድ የሚውል ነበር፤ ማመልከቻው ካልተፈቀደ ይመለሳል። ነጋዴዎቹ ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ወሰነበት። የተደረሰበት ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ማመልከቻ ይዞ የመጣ ሰው በዚያን ሰዓት ሊጠየቅ የሚገባው የማመልከቻውን ወጪ ብቻ ነው፤ የቁጥጥሩን ወጪ ማስከፈል የሚቻለው ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ ከፊት መቀበል አይቻልም።

እኔ ይህን መለያየት ነው ወደ እኛ ደንብ እንዲገባ የምመኘው። የቁጥጥር ወጪ ካለ ዓመታዊ እድሳቱ ላይ ግልጽ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሁሉም ነጋዴ ይካፈለው። ለውጥ ሊያስመዘግብ በመጣው ሰው ትከሻ ላይ ለምን ይጫናል? እሱ እኮ ሕጉን አክብሮ የመጣው ነው። ያልመጣው ምንም አልከፈለም።

«የውጭ አገር ነገር እዚህ አይሠራም» የሚል አይጠፋም። የራሳችንም ሕግ ግን ይህ ስሜት አለው። የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110/1990 ሲወጣ ለንግድ ማኅበር የመመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ 350 ብር፣ ከዚያ በኋላ ለሚዘጋጀው ደግሞ 100 ብር ነበር የተመነው። የአገራችን ሕግ አውጪ መወለድና መለወጥ አንድ ዋጋ እንደማይገባቸው ከእንግሊዞቹ በፊት ያውቅ ነበር ማለት ነው። ግን ያው የእንግሊዞቹ በሽታ እዚህም አለ። በ1990 ዓ.ም. 100 ብር ወደ 14 ዶላር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያው 100 ብር አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክፍያ አንድ ቀን ሲነካ ደግሞ በአንዴ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ነጋዴውን የሚያስደነግጠው ደረጃው ሳይሆን ዝላዩ ነው። በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀመር፣ ትንሽ ትንሽ ቢስተካከል ማንም አይጮህም ነበር።

አንድ ጓደኛዬ ረቂቄን አንብቦ «ክፍያው ከቀነሰ መሥሪያ ቤቱ በምን ኮምፒዩተር ይገዛል?» አለኝ። የሚገባ ጥያቄ ነው። ነገር ግን የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የሰበሰበውን ገንዘብ በመርሕ ደረጃ የሚያስገባው ወደ ተጠቃለለው ፈንድ ነው፤ በጀቱ የሚመጣለትም በሌላ በኩል ነው። በልዩ ሕግ ካልተፈቀደለት በስተቀር ዛሬ መስኮቱ ላይ የተሰበሰበው ብር ነገ የዚያን መስኮት ሰልፍ አያሳጥርም። ክፍያ መጨመር አገልግሎት ያሻሽላል የሚለው ክርክር ገንዘቡ የት እንደሚገባ ካልተነገረ ባዶ ነው። በዚያ ላይ አሁን ኢ-ትሬድ በሚባለው የኦንላይን ሥርዓት ብዙው ነገር ከቢሮ ሳይኬድ ይሠራል። ነጋዴው ራሱ የሚተይበውን ስልክ ቁጥር ለመለወጥ ለማን ድካም ነው የሚከፈለው?

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ለውጥ ነፃ ወይም ርካሽ ከሆነ ከተቆጣጣሪ ለመሸሽ በየጊዜው ስምና አድራሻ የሚለዋውጥ ሰው አይበዛም ወይ? ይበዛ ይሆናል። በተለይ የምግብና የመድኃኒት ንግድ ላይ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። መልሱ ግን ክፍያውን ለሁሉም ማስወደድ አይመስለኝም፤ ለአጭበርባሪው ክፍያው የሻይ ነው። በአንድ የበጀት ዓመት የመጀመሪያው ቀላል ለውጥ ያለ ክፍያ ይሁን፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከፈልበት፤ የድሮው ስምና አድራሻም ከመዝገቡ ሳይጠፋ ከአዲሱ ጎን ይታይ።

እንግዲህ ደንቡን የሚያሻሽል ሰው ቢጠይቀኝ የምለው ይህን ነው። ነጋዴው ለእድሳት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያለ ቅጣት መስተናገዱ አይቀርም፤ ቀላል ለውጦች በዚያው ማመልከቻ ላይ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመዝገቡ። መካከለኛዎቹ፣ ማለትም ሰነድ ማየት የሚጠይቁት፣ ከአዲስ ፈቃድ ክፍያ የተወሰነ ክፍልፋይ ይሁኑ። ቦታ ማየት የሚጠይቁት የመድኃኒት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የምግብ ማምረቻ ዝውውሮች ሙሉ የምርመራ ወጪያቸውን ይክፈሉ፤ የአክስቴ ልጅም ይክፈል። ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ደረሰኝ ይክፈል፤ የብቃት ማረጋገጫውና የፈቃዱ አድራሻ በአንድ ማመልከቻ ይታይ፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ይመለስ፣ ማመልከቻው ግን ይቀጥል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ከእንግሊዞቹ ትንሽ ብንሻል አይከፋም።

በዘንድሮው የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሥራ ላመላክታችሁ። ከግቢያችን በር ጀምሮ እስከ ታክሲ ተራው ባለው መንገድ ላይ ያሉትን ሱቆች እያስፈቀዳችሁ ግቡ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ አንብቡ። አድራሻው፣ ስሙና የሥራው ዓይነት ከምታዩት ጋር የሚገጥመው በስንቱ ላይ እንደሆነ ቁጠሩ፤ ላልገጠመው ደግሞ ለምን እንዳላስለወጠው ባለቤቱን ጠይቁ። ክፍያው ነው የሚል፣ ሰልፉ ነው የሚል፣ ማን ያየኛል የሚል ታገኛላችሁ። ሦስቱን ለይቶ በቁጥር ያመጣ ሰው በሚቀጥለው እትም ከእኔ የተሻለ ጽሑፍ ይጽፋል።